ላሟ የላሰችው ሻንሲ

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ የመኪናችንን ሆድ ማጠብ ነበር። ክረምቱ ወጥቷል፤ የግቢው ጭቃ ግን ገና አልጠነከረም። ባለቤቴ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ከፊተኛው ጎማ ኋላ በጀርባው ተንጋለለ። እኔ ከበርሜሉ የሚመጣውን የውሃ ቱቦ ይዤ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። "ወደ ውስጥ ላኪው፣ ወደ ውስጥ" ይለኛል። ውሃው በሻንሲው ቀዳዳ ይገባና በወዲያኛው በኩል መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ የጠላ መልክ ይዞ፣ በመጨረሻ ጠርቶ ይወርዳል። ሲጠራ "በቃ" አለኝ። ከሥር ወጥቶ ጀርባውን ሰጠኝ፤ የተጣበቀበትን ጭቃ በመዳፌ አራገፍኩለት። ከዚያ እሱ እጁን ሊታጠብ ሄደ፤ እኔም ምድጃ ላይ ወደተውኩት ድንች ገባሁ። ሌላ የተባባልነው ነገር ትዝ አይለኝም። ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት፣ ልቡ ቆመ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። እንጅባራ፣ እኛ ነባሮቹ ዛሬም ቆሰበር የምንላት፣ ለመዝነብ ወቅት አትጠብቅም። መስኮቱን ልዘጋ ስነሣ የረጠበ ብረት ሽታ ገባ። የዝገት ሽታ እንግዳ ነገር ነው፤ የሚገባው በአፍንጫ ነው፣ የሚቀመጠው ግን ምላስ ላይ ነው። መስኮቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ባለቤቴ አልነበረም። ላሟ ናት ትዝ ያለችኝ። ስለ እሱ ማሰብ ሲከብደኝ ሐሳቤ እንዲህ በጎን በር ይገባል።

ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ጥቂት እጽፍና እነሣለሁ፤ ዶሮዎቹን አያለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ከተማ ነው፤ ስዳር ወደ ዘንገና ሐይቅ አቅራቢያ፣ ወደ አማቴ ግቢ ገባሁ። አማቴ ባላቸውን የቀበሩ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበሩ። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከከብቶቻቸው ጋር በአዊኛ ነበር የሚነጋገሩት። ስለ እኔ ለከብቶቹ የሚነግሯቸው ነገር እንዳለ እጠረጥር ነበር፤ ምክንያቱም አንዳንዴ ሲያወሯቸው ወደ እኔ እያዩ ይስቃሉ። ጠይቄያቸው አውቃለሁ። "የከብት ወሬ ለሰው አይተረጎምም" አሉኝ።

ባለቤቴ ለብዙ ጊዜ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በዚያ ዓመት የራሱን ገዛ። አባቱ የተዉለት ከብት ሁሉ ለመኪናዋ መግዣ ተሸጠ። ከሁሉም የምታሳዝነው ግቢውን ሙሉ ወተት ስታጠጣ የኖረችው ትልቋ ላም ነበረች፤ እሷም ተነዳች። የቀረችው ልጇ ብቻ ነበረች፤ ዳለቻ፣ ትከሻዋ ላይ ነጭ ያላት፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምታጠባ ላም። አማቴ የእናቲቱን ገመድ ይዘው እስከ መንገዱ ሸኝተዋት ተመለሱና ያን ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል። እኔ አልደረስኩበትም፤ የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው።

መኪናዋ መካከለኛ የጭነት መኪና ናት። አሮጌ ነበረች፤ ግን ሰማያዊ ቀለሟ ያበራል፣ ሆዷም ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ተቀብቷል። ደላላው ከቆላ ከመጣ ነጋዴ ነው ያገናኘው። ባለቤቴ በዚያ ጥቁር ሆድ ይኮራ ነበር። "እይ፣ ሻንሲዋ እንደ አዲስ ነው" እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። ሻንሲ የሚሉት ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋውን፣ ሞተሩንም ጭነቱንም የሚሸከመውን ረጅም ብረት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከእሱ ነው። ባሌስትራ የሚሉት ደግሞ እየተደራረቡ የታሰሩት ቀስት የመሰሉ ብረቶች ናቸው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እነሱ እየተለጠጡ መኪናዋ እንዳትሰበር ያደርጋሉ። ባሌስትራው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት መያዣ አለ። ታሪኩ ያለው እዚያ መያዣው ላይ ነው።

መኪናዋ ግቢ በገባች ሰሞን ዳለቻዋ ላም ጠጋ አለቻት። በመጀመሪያ አሸተተቻት፤ ከዚያ አንገቷን አጥፋ፣ በሾፌሩ ወገን ከፊተኛው ጎማ ኋላ ገብታ መላስ ጀመረች። ያ ሸካራ ምላሷ ብረቱ ላይ ሲሄድ ድምፁ እስከ ቤት ይሰማል፤ እንጨት በሞረድ የሚሞረድ ይመስል ነበር። ባለቤቴ ሊያባርራት ዱላ ሲያነሣ አማቴ ከበር ጮኹ።

"ተዋት! እናቷን ነው የምታሸተው!"

ከዚያ በኋላ ነገሩ የመንደር ወሬ ሆነ። መኪናዋ በእናቷ ተለውጣ የመጣች ናት፤ ላሟም አወቀቻት ተባለ። ከብት ዘመዱን አይረሳም። ጎረቤት እየመጣ ቆሞ ያያል፤ ይስቃል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሁሉም የላሟን ትከሻ ዳሰስ አድርጎ ይሄዳል። አማቴ አውቀው እንደ ቀልድ ያወሩታል እንጂ ከልባቸው አምነውበት ነበር። ጠዋት ካለቡ በኋላ ዳለቻዋን ራሳቸው ወደ መኪናዋ ይለቋታል። ባለቤቴም ደስ አለው፤ መኪናዋን ሲያጥብ "ይህ የእሷ ነው" ብሎ ያን ቦታ ይዘለዋል።

እኔ ግን ጥያቄ የሚያስቸግረኝ ሰው ነኝ። አባቴ "አንቺን ያገባ ሰው መልስ ማምረት አለበት" ይለኝ ነበር። ላሟ ለምን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ? ጎማው ሣር ሣር ይሸታል፤ እሱን አትነካውም። በወዲያኛው ወገንም ያው ብረት አለ፤ እዚያም ትልሳለች፣ ግን ቶሎ ትተወዋለች። ደግሞ በደረቅ ቀን አንዴ ላስ አድርጋ ትሄዳለች፤ ዝናብ ባደረ ማግሥት ግን ጥጃዋ እየጮኸም አትነሣም። እናትን መናፈቅ ዝናብ ይጨምረዋል እንዴ?

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀብኝ። "አንች ልጅ፣ ትምህርት ቤት መሰለሽ? ላም 'ለምን' አትባልም።"

አንድ ጠዋት እሱ ቆሰበር ሄዶ፣ አማቴ ማጀት እያሉ፣ ዳለቻዋ እስኪበቃት ልሳ ከሄደች በኋላ እኔ በተራዬ ቁጢጥ አልኩ። ዝናቡ ማታ ነው የቆመው። ጭጋግ ገና ከባሕር ዛፎቹ ላይ አልተነሣም፤ ፀሐይ ግን ከሥር በአግድም ገብታ የመኪናዋን ሆድ አብርታው ነበር። ምላሷ ጥቁሩን ቀለም ጠርጎታል። ከቀለሙ ሥር ብረት ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ያየሁት ግራጫ፣ ጭቃ የመሰለ፣ የተሰነጠቀ ነገር ነው። በስንጥቁ ዙሪያ ደግሞ እንደ ጠዋት ውርጭ ነጭ ነገር ወጥቷል። ውርጭ እንዳይሆን ሰዓቱ አልፏል። በጣቴ ነካሁት፤ ረጠበ። ጣቴን አየሁት፤ አሸተትኩት። ከዚያ ምላሴ ላይ አደረግሁት።

"ኧረ ጉድ! ኧረ ጉዴን እዩልኝ!" አሉ ከኋላዬ አማቴ። ጣቴ አፌ ውስጥ እንዳለ ዞርኩ። "ላሟ ሳትበቃ ምራቴም ጀመረች!" በአጥር ላይ ጎረቤታቸውን ተጣሩ፤ በአዊኛ የሆነ ነገር አሏት፤ ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። ይህ ቀልድ ለዓመታት አልለቀቀኝም። ገበያ ስወጣ እንኳ "ከመኪናዋ የጣፈጠሽ የቱ ነው?" ይሉኝ ነበር።

"እማማ" አልኳቸው፣ "ጨው ነው።"

ሳቃቸው ወዲያው አልቆመም፤ እየቀነሰ ሄደ። መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ጣታቸውን ሰደዱ፣ ቀመሱ፣ ተፉ። ለከብቶቻቸው አሞሌ እየፈለጡ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ጨው አይስቱም። ረዘም ላለ ጊዜ ያን ስንጥቅ አዩት።

"እናቷን አይደለማ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና ወደ ቤት ገቡ።

ያን ቀን ላሟን አላዘንኩላትም፤ ለእሳቸው ነው ያዘንኩት። ዛሬ ሳስበው ደግሞ ይበልጥ ይገባኛል። የሄደ ነገር በሌላ መልክ ግቢ ውስጥ ቆሟል ብሎ ማመን ምን ያህል እንደሚጣፍጥ አሁን አውቄዋለሁ።

ባለቤቴ ሲመለስ ሁለታችንም እየተቀባበልን ነገርነው። በመጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ካቻቢቴውን ይዞ ከሥር ገባ። እኔ ውጭ ሆኜ ድምፁን ነው የሰማሁት። በካቻቢቴው እጀታ እየመታ ከኋላ ወደ ፊት መጣ፤ ብረቱ እንደ ደወል ይመልሳል። ጎማው አጠገብ ሲደርስ ደወሉ ጠፋ። ዱፍ፣ ዱፍ። እህል የሞላ ጎተራ የመታ ይመስላል። ከዚያ አንድ ነገር ተላቆ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ስቱኮ ነበር፤ የመኪና አካል ሲጎደጉድ የሚሞሉበት ያ ልጥፍ። ከሱ ሥር ያ ሽታ ወጣ፤ ትናንት በመስኮት የገባብኝ።

"ምን አየህ?" አልኩት።

"ምን አየህ?"

ሲወጣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ በቀይ ዱቄት ተሸፍኗል። ካቻቢቴው በባሌስትራው መያዣ አጠገብ ሻንሲው ውስጥ እስከ እጀታው ገብቶለታል። ነገሩን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። መኪናዋ በቆላ ጨው ስትጭን ነው የኖረችው። ጨዉ በዝናብ እየሟሟ በቀዳዳው ሻንሲው ውስጥ ወርዷል፤ እዚያ ተቀምጦ ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በልቶታል። ሻጩ የተበላውን በስቱኮ ሞልቶ፣ ጥቁር ቀለም ደርቦ ሸጣት። "እኔ ደግሞ ለእንግዳ ሳሳይ ከረምኩ" አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ አያልቅም። ታናሽ ወንድሙ ሊያገባ ቀኑ ቀርቦ ነበር። ሙሽራዋ የአዘና አገር ልጅ ናት። ባለቤቴ መኪናዋን የገዛ ዕለት በዘመድ ፊት ቃል ሰጥቷል፦ አጃቢው በእኔ መኪና ይሄዳል፣ ሙሽራዋም ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ትመጣለች። በዚያ መንደር ሙሽራ በጋቢና መጥታ አታውቅም። ወንድሙ ለሚዜዎቹ ነግሯል፤ የአዘና ዘመዶችም ሰምተው ይጠብቃሉ። አማቴ እንኳ ጋቢና ውስጥ ከሙሽራዋ ጎን ማን እንደሚቀመጥ ደልድለው ጨርሰው ነበር።

"ከሠርጉ ማግሥት ዳንግላ ወስጄ አስበይዳታለሁ" አለ ባለቤቴ።

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያማ ድንች ጭኜ ስመላለስባት ቻለች አይደል? ሰው ከድንች አይከብድም።"

ይህን ሲል መሬት መሬት እያየ ነበር። እኔ አዲስ ገብ ነኝ፤ የባሌን ቃል በዘመድ ፊት ላሳጥፍ አልፈለግሁም። እሱ ወፍራም ሽቦ አመጣና መያዣውን ከሻንሲው ጋር ጠምጥሞ አሰረው፤ ላዩን ጥቁር ቀባው። ከውጭ ሲታይ ያው እንደ ድሮዋ አማረች። እኔ ግን ጥያቄው አልተወኝም። ወደ አዘና የሚወርደውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ቁልቁለት አለው፣ ጠመዝማዛ አለው፣ ከክረምት በኋላ ደግሞ ጎርፍ የቆረጠው ቦይ መንገዱን ያቋርጣል። ጎማው ቦዩ ውስጥ ሲወድቅ ያ ሽቦ ምን ያደርጋል? ውሃ ልቀዳ ስሄድ እሱን አስባለሁ፤ ሊጥ ሳቦካ እሱን አስባለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚዜዎቹ ግቢ መጡ። ለሠርጉ ዘፈን ሊለማመዱ ነው። አንዱ ከበሮ ይዞ የመኪናዋ ጭነት መደብ ላይ ወጣ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ባለቤቴ ከታች ሆኖ ያጨበጭባል። ሙሽራው ወንድሙ መሐል ገብቶ ትከሻውን ይነቀንቃል። እግራቸውን እኩል አንሥተው እኩል ሲያሳርፉ መኪናዋ ወደ ታች ዝቅ ትልና ትመለሳለች፤ ባሌስትራው ሲጥ ይላል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነበር። እኔ ከበሩ ሆኜ ሳይ ከፊተኛው ጎማ ኋላ በብርሃኑ ውስጥ አንድ ነገር ይወርዳል። ዱፍ ሲሉ ይወርዳል፤ ያቆማል፤ ዱፍ ሲሉ ይወርዳል። ቀይ ዱቄት። በርበሬ በወንፊት የሚነፋ ነበር የሚመስለው።

ሄጄ ባለቤቴን እጅጌውን ጎተትኩት።

"ና፣ አንድ ነገር እይልኝ።"

"አሁን? ሰው እየጨፈረ?"

"አሁን። ሰው እየጨፈረ ነው የሚታየው።"

ጎንበስ አለ። እኔም አብሬው ጎንበስ አልኩ። ከላያችን ዘፈኑ ቀጥሏል። ሽቦው በየምቱ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ዱቄቱ ይወርዳል። ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር የማየው፤ ለጭብጨባው የተዘጋጁት መዳፎቹ ገና ተከፍተው ነበር።

"ድንች አይጨፍርም" አልኩት።

እንደዚያ ሲጮህ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። "ውረዱ! ውረዱ ከላይዋ!"

ከበሮው ቆመ። ወረዱ። ወንድሙ ነገሩ ሲገባው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሐይቁ መንገድ ሄደ። እስኪመሽ አልተመለሰም። ባለቤቴ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ቃሉን ማጠፍ ምን ያህል እንደከበደው ያወቅሁት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ፣ እያሰረ፣ እየፈታ ሲቀመጥ ነው።

በማግሥቱ ዘመድ ተሰበሰበ። የአባቱ ወንድም፣ ጥርሳቸው የወለቀ፣ ምላሳቸው ያልወለቀ ሽማግሌ፣ ገና ሳይቀመጡ "መኪናህን ላም በላችው አሉን!" ብለው ጀመሩ። ሰው ሁሉ ሣቀ። ባለቤቴም ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ሙሽራው ዞሩ። "አንተ ደግሞ ምን አኮራመተህ? አባትህ እናትህን ያመጣት በምን ይመስልሃል? በጋቢና ነው?" ቀጥሎ አያለሁ ብዬ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ አማቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እንደ ልጃገረድ ተሽኮረመሙ።

የአዊ ሰው ፈረስ አያጣም። ባለ መኪናው አንድ ነው፣ ባለ ፈረሱ ግን ሁሉም ነው። አጎት ሁለት ይዘው መጡ፤ ጎረቤት፣ የክርስትና አባት፣ የሚዜ አባት፣ ሁሉም ከየጋጣው እየሳበ አመጣ። የፈረሶቹ ጌጥ፣ ግላሱ፣ ከየጣሪያው ወርዶ አቧራው ተራገፈ፤ ቃጭሉ በአመድ ተወልውሎ አበራ። የሠርጉ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ከግቢያችን ሲወጡ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቃጭል፣ ኮቴ፣ የፈረስ ትንፋሽ በብርድ ውስጥ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳ አድርጋ በግንድ ላይ ተደግፋ ቀረች። ዳለቻዋ ላም የሄዱትን እንኳ ዞራ አላየችም፤ መላሷን ቀጠለች።

እኔ እንግዳ ልቀበል ቀርቼ ነበርና ሙሽራዋን በበቅሎ ይዘው ሲመለሱ ከበር ነው ያየኋቸው። ባለቤቴ ከኋላ ነበር። ለሱ የደረሰው አንድ ሽማግሌ ነጭ ፈረስ ነው። ሲወርድ እግሮቹ አልገጥም ብለው እንደ ተከፈተ መቀስ ቆመ። ሰው እየዘፈነ ነው፣ እናቱ እልል እያሉ ነው፤ እሱ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ "ፈረስ ባሌስትራ የለውም እንዴ?" አለኝ። ሙሽራዋ እየገባች እኔ ሣቄን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

ዳንግላ የወሰድናት ከሠርጉ በኋላ ነው። ባዶዋን፣ ቀስ እያልን፣ ሰው በእግሩ እየቀደመን። እኔ ወላጆቼን ለማየት በሚል ሰበብ አብሬ ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር የብረቱን ውስጥ ለማየት ነበር። በያጁ ትልቅ ሆድ ያለው፣ ሥራ ላይ የሚያፏጭ ሰው ነበር። ሽቦውን ፈታ፤ መያዣውን አወረደ፤ ሻንሲውን በመዶሻ አንዴ ነካ አደረገው። አንድ ቁራጭ ወደቀ። ፉጨቱን አቆመና ባለቤቴን አየው።

"ይህችን ይዘህ የት ልትሄድ ነበር?"

"ሠርግ።"

"ሠርግ ነው ቀብር?"

ባለቤቴ ቁራጩን አነሣው። በጣቶቹ መሐል እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ፤ ቅርፊቱ በቅርፊት ላይ፣ ገለጥ ሲያደርጉት ገለጥ የሚል ቀጭን ቀጭን ቅጠል። በያጁ ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ቆረጠው፤ በዝገት ላይ ብየዳ አይዝም አለ። አዲሱን ብረት ከመደረቡ በፊት ደግሞ የቀረውን ሻንሲ ውስጡን በውሃ እንድናጥብ አዘዘን። እኔ አላስቻለኝም። "ዝገትን በውሃ?" አልኩት። "ውሃው ጨዉን ነው የሚያወጣው" አለኝ፤ "ጨዉ ካለ ብታደርቂውም እርጥበት ይጠራል። አውጡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት አጠጡት።" የሞተር ዘይት ተቀይሮ የሚደፋው ጥቁሩ ማለቱ ነው። ውሃውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የወጣውን በጣቴ ነካሁና... አዎ፣ ቀመስኩት። ባለቤቴ አየኝ። አልሣቀም።

ከበያጁ ቤት በር ላይ፣ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች አንዱ ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ የቀረውን ቀይ ዱቄት ሲያይ ቆየ። ውስጥ የብየዳው ብርሃን ግድግዳውን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ያደርገዋል። መኪናዋ ላይ ሊሳፈሩ የነበሩትን ሚዜዎች ስማቸውን እየጠራ ቆጠራቸው፤ አጎቱን ጨምሮ፣ እናቱን ጨምሮ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጠይቂኝ" አለኝ። "ዝም ስልሽም ጠይቂኝ።"

ሌላ ባል ይቅርታ ይላል፤ ወይም አመስግኖ ያልፋል። የእኔው የሰጠኝ ይህን ነው። የሠርጉን ቃል እንዳጠፈው ይህን ቃሉን አላጠፈውም። ከዚያ ወዲህ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ጠየቅሁት። ይህ ለምን ይጮኻል? ያ ለምን ረጠበ? በዚህ በኩል ለምን ዝቅ አለች? አንዳንዴ ያጉረመርም ነበር፤ እየበላ ሳለ ጠይቄው ጉርሻውን አስቀምጦ "አይ አንች ሴት" እያለ የተነሣበት ቀን አለ። ግን ይነሣል። ጆንያውን ያነጥፋል፣ ከሥር ይገባል፤ እዚያው ሆኖ የሚያየውን ይነግረኛል። እኔ ከውጭ እግሮቹን ብቻ እያየሁ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም የለም። "ምንም የለም፣ ጭቃ ነው" ይላል። እኔም ደስ ይለኛል፤ ምንም የለም መባልም መልስ ነው።

ልጃችን ከባሕር ዳር ኔትወርክ ሲገኝ ይደውላል። "እማዬ፣ ሽጫት፤ በብረትነቷም ቢሆን የሚወስዳት አለ" ይለኛል። አልተቆጣሁትም። አሁንም ድንች ትጭናለች፤ ጨዋ ሾፌር ቀጥሬላታለሁ። ለሐዘን የመጡት ሰዎች "ከሁሉ የሚናፍቅሽ ምኑ ነው?" ብለውኝ ነበር። ያኔ ምን እንደመለስኩ አላውቅም። ዛሬ ቢጠይቁኝ ያ ከሥር የሚመጣው ድምፁ ነው እላለሁ፤ ሰውየው ሳይታይ፣ ያየውን የሚናገረው።

ሾፌሩ ያፍርብኛል። "እትዬ፣ ይተዉ፣ እኔ አያለሁ፤ ልብስዎ ይቆሽሻል" ይለኛል። ልጁ ክፋት የለውም። መኪናዋ ወደ መንገድ ከመውጣቷ በፊት ግን ጥያቄዬን ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ከሥሯ ገብቼ ራሴ አያለሁ።